ምዕራፍ ስድስት፦ «አልተፈቀደም» ከሚለው ደብዳቤ በኋላ

አሜሪካ ውስጥ ለሶሻል ሴኩሪቲ የዲስኤቢሊቲ ክፍያ ከሚያመለክቱ ሦስት ሰዎች ሁለቱ ገደማ መጀመሪያ የሚደርሳቸው መልስ «አልተፈቀደም» የሚል ነው። ደብዳቤው ረጅም ነው። የትኞቹ የሐኪም ማስረጃዎች እንደታዩ ይዘረዝራል፤ ሕመሙ መኖሩን አይክድም፤ መጨረሻው ላይ ግን ሰውየው ሌላ ሥራ መሥራት ይችላል ብሎ ያሰናብተዋል። ብዙ የአገራችን ሰዎች ነገሩን እዚያው ይተዉታል። አንዱ መንግሥት እምቢ ካለ በቃ ይላል፤ ሌላው ከመንግሥት ጋር መሟገት መዘዝ ያመጣብኛል ብሎ ይፈራል፤ ሌላው ደግሞ ለጠበቃ የሚከፍለው የለውም። ይህን ምዕራፍ የጻፍኩት እነዚህን ሰዎች እያሰብኩ ነው።

ሕጉ ራሱ ይግባኝ እንደሚኖር አስቦ የተሠራ ነው። ከመጀመሪያው እምቢታ በኋላ ፋይሉን ቀድሞ ያላየው ሌላ ሰው እንደገና ያየዋል፤ እዚህ ላይ ውሳኔ የሚቀየርላቸው ጥቂቶች ናቸው። ቀጥሎ በአስተዳደር ሕግ ዳኛ ፊት ችሎት አለ፤ እዚህ ከሚደርሱት ግማሽ ያህሉ ይፈቀድላቸዋል። ከዚያ በላይ የይግባኝ ምክር ቤት፣ ከእርሱም በላይ የፌዴራል ፍርድ ቤት አለ። በእያንዳንዱ ደረጃ የይግባኙ ጊዜ 60 ቀን ነው፤ ደብዳቤው ከተጻፈበት ቀን በኋላ በ5 ቀን ውስጥ እንደደረሰ ይቆጠራል። ቀኑ ካለፈ በቂ ምክንያት ማቅረብ ወይም ከዜሮ ጀምሮ ማመልከት ግድ ይሆናል። ከዜሮ የጀመረ ሰው የወራት፣ አንዳንዴም የዓመታት ክፍያ ያጣል።

በአንድ ስም «ዲስኤቢሊቲ» የምንለው ነገር በእርግጥ ሁለት ክፍያ ነው። ኤስ ኤስ ዲ አይ ኢንሹራንስ ነው። ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር በ1956 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በፈረሙት ሕግ የመጣ ሲሆን፣ መጀመሪያ ዕድሜያቸው 50 ለሞላ ሠራተኞች ብቻ ነበር፤ በ1960 ይህ ገደብ ተነሣ። ገንዘቡ ሠራተኛው ከደመወዙ ሲቆረጥበት ከኖረው ግብር የመጣ ስለሆነ፣ የሚጠይቀው ሰው የሚጠይቀው የራሱን ነው። ኤስ ኤስ አይ ደግሞ በ1972 ጸድቆ በ1974 ሥራ ጀመረ፤ የሥራ ታሪክ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ድህነትን ነው። ብቻውን የሚኖር ሰው ከሚኖርበት ቤትና ከአንድ መኪና ውጪ ከ2,000 ዶላር በላይ ጥሪት ሊኖረው አይችልም። ይህ ቁጥር ከ1989 ወዲህ ንቅንቅ አላለም፤ በእኔ እምነት ይህ በድሃ ላይ የተፈጸመ በደል ነው። ዕቁብ ወጥቶለት ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ የኤስ ኤስ አይ ተከፋይ፣ ወሩ ሲብት ገንዘቡ እዚያው ከተገኘ የዚያ ወር ክፍያው ይቀርበታል። ከአሜሪካ ውጪ 30 ቀን በተከታታይ የቆየም እንዲሁ ይቋረጥበታል። አዲስ አበባ ለዘመድ ሐዘን ወይም ለጠበል ሄደው ሁለት ወር ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ ክፍያቸው ተቋርጦ ያገኙት ሰዎች ይህን አስቀድሞ የነገራቸው አልነበረም።

ለኤስ ኤስ ዲ አይ የሥራ ነጥብ ያስፈልጋል። በዓመት ቢበዛ አራት ነጥብ ይገኛል፤ በ2025 አንዱ ነጥብ በ1,810 ዶላር ገቢ ይገኝ ነበር። ዕድሜው ከ31 በላይ የሆነ ሰው በጥቅሉ ከመታመሙ በፊት በነበሩት 10 ዓመታት ውስጥ 20 ነጥብ፣ ማለትም የአምስት ዓመት ሥራ ሊኖረው ይገባል፤ ዕድሜ ሲገፋ ጠቅላላው ነጥብም ከፍ ይላል። የእኛ ሰው ብዙ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ታክሲ የሚነዳ፣ ኡበር የሚሠራ፣ በግሉ የሚያጸዳ ወይም ሕፃን የሚይዝ ሰው ግብሩን የሚከፍልለት አሠሪ የለውም። ነጥብ የሚቆጠርለት ራሱ በሚያስገባው የግብር ወረቀት ላይ በሚታየው የተጣራ ትርፍ ነው። የቤንዚኑን፣ የማይሉን፣ የጥገናውን ወጪ አስቀናንሶ ትርፉን ወደ ዜሮ ያወረደ ሾፌር ከዚያ ዓመት ግብር ድኗል፤ የዚያን ዓመት ኢንሹራንስ ግን አጥቷል። ለሃያ ዓመት ከሬገን ኤርፖርት መንገደኛ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ጀርባው ሲጎዳ «በቂ የሥራ ታሪክ የለህም» የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ያለፈውን ማስተካከል የሚቻለው ዓመቱ ካለቀ በኋላ በ3 ዓመት ከ3 ወር ከ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የግል ሥራ ገቢ በአብዛኛው አይመዘገብም። ስለዚህ ጤነኛው ሾፌር ዛሬውኑ በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ላይ አካውንት ከፍቶ የገቢ ታሪኩን ይይ። ይህ ምክር ለታመመው ብቻ አይደለም።

ሥራ ካቆሙ በኋላም ኢንሹራንሱ ለዘላለም አይቆይም። ለአብዛኛው ሠራተኛ አምስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ያልቃል፤ ከዚያ በኋላ የሚያመለክት ሰው ሕመሙ ሥራ ያስቆመው ኢንሹራንሱ ከማለቁ በፊት መሆኑን በማስረጃ ማሳየት ይጠበቅበታል። «ይሻለኛል» ብሎ ስድስት ዓመት የጠበቀ ሰው የስድስት ዓመት አሮጌ ማስረጃ ፍለጋ ይወጣል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ እንምጣ። ሕጉ አካለ ስንኩል የሚለው፣ በሐኪም ሊረጋገጥ በሚችል የአካል ወይም የአእምሮ ሕመም ምክንያት ቢያንስ ለ12 ወር በተከታታይ ጉልህ ገቢ የሚያስገኝ ሥራ ሊሠራ የማይችልን ወይም ሕመሙ ለሞት የሚያደርሰውን ሰው ነው። «ጉልህ ገቢ» የተባለው በ2025 ዓይነ ስውር ላልሆነ ሰው በወር 1,620 ዶላር ነበር። ግማሽ አካል ጉዳት፣ ሠላሳ በመቶ የሚባል ነገር በዚህ ፕሮግራም የለም፤ ወይ ሙሉ በሙሉ ነው ወይም የለም። የቀድሞ ሥራዎን መሥራት አለመቻል ብቻውንም አይበቃም።

ከዚህ የሚከተለውን ብዙ ሰው አያየውም። መሥሪያ ቤቱ የሚመዝነው የበሽታውን ስም አይደለም። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ የዲስክ መንሸራተት፣ ድብርት የሚሉት ስሞች ፋይሉ ውስጥ ቢሞሉም፣ ወሳኙ ሰውየው ስንት ፓውንድ ያነሣል፣ ስንት ሰዓት ይቆማል፣ ስንት ሰዓት ይቀመጣል፣ በወር ስንት ቀን ከሥራ ይቀራል የሚለው ነው። ይህን ደግሞ ሐኪሞች በተለመደው ማስታወሻቸው ላይ አይጽፉትም፤ ካልተጠየቁ የሚጽፉበት ምክንያት የላቸውም። ጥሩ ጠበቃ የሚሠራው ትልቁ ሥራ፣ ከችሎቱ ክርክር ይልቅ፣ ይህ ነው። ለሐኪሙ እነዚህን ጥያቄዎች የያዘ ቅጽ ይልካል፤ ቅጹ ተሞልቶ እስኪመለስ ይወተውታል፤ መልሱ ከሐኪሙ ማስታወሻ ጋር የሚጋጭበት ቦታ ካለ ቀድሞ ያያል።

የሚጋጭበት ቦታ ደግሞ በእኛ ሰው ፋይል ውስጥ ሞልቷል። ሐኪሙ ገብቶ «እንዴት ነዎት?» ሲል እናቶቻችን «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላሉ፤ አባቶቻችን «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ። ሌሊቱን ሙሉ በጉልበት ሕመም ሳይተኙ አድረው ነው ይህን የሚሉት። ሐኪሙ የሰማውን ይጽፋል፦ በሽተኛዋ ደህና ነኝ ብላለች። ከሁለት ዓመት በኋላ ጉዳዩን የሚመለከተው ሠራተኛ እናታችንን አያውቃቸውም፤ የሚያነበው ያችን መስመር ነው። ፈጣሪን ማመስገን የተገባ ነው፤ ከምስጋናው ቀጥሎ ግን «ደረጃ ስወጣ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፣ ድስት በአንድ እጄ አላነሣም፣ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴውን ቆሜ መጨረስ ካቆምኩ ዓመት ሆነኝ» ማለት ያስፈልጋል። ይህ ማጋነን አይደለም፤ እውነቱን በሙሉ መናገር ነው።

በአእምሮ ሕመም ነገሩ ይብሳል። ጦርነት ያየ፣ እስር ቤት የተደበደበ፣ በሱዳንና በሊቢያ በረሃ ያለፈ ሰው በሌሊት እየባነነ፣ ሰው በበዛበት ቦታ መቆም እያቃተው ስለዚህ ለቤተሰቡ እንኳ አይተነፍስም። ይሉኝታው፣ «አበደ» መባሉ ያስፈራዋል። ሕክምና ካልሄደ ደግሞ ማስረጃ የለም። ሐኪም ጋ በመሄድ ፈንታ ጠበል የተጠመቀበት ጊዜ ካለ፣ ፋይሉ ላይ የሚታየው የአራት ወር ባዶ ነው፤ ባዶው ድኗል ተብሎ ሊነበብ ይችላል። የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ደንብ ግን ሰው ለምን እንዳልታከመ ሳይመረመር ምልክቶቹ ቀላል ናቸው ተብሎ እንዳይደመደም ያዛል። ገንዘብ ማጣት፣ ኢንሹራንስ አለመኖር፣ ሃይማኖታዊ እምነት ሁሉ ሊቀርቡ የሚችሉ ምክንያቶች ናቸው። ይህን ደንብ የሚያውቅና በጊዜው የሚጠቅስ ሰው ያስፈልጋል።

ስለ ክፍያው እናውራ፤ ብዙ ሰው ጠበቃ ጋ የማይሄደው ይህን ስለማያውቅ ነው። የዲስኤቢሊቲ ጠበቃ ቀድሞ አይከፈለውም። ካሸነፈ ከተጠራቀመው ውዝፍ ክፍያ 25 በመቶ ይወስዳል፤ ያም ቢሆን ጣሪያ አለው። ጣሪያው በ2022 መጨረሻ 7,200 ዶላር ደርሶ ከ2024 ኅዳር ማለቂያ ጀምሮ 9,200 ሆነ። ወርኃዊ ክፍያው 1,600 ዶላር የሆነና የ20 ወር ውዝፍ ያለው ሰው 32,000 ዶላር ይደርሰዋል፤ የጠበቃው ድርሻ 8,000 ነው። ውዝፉ የ40 ወር ቢሆን ሩቡ 16,000 ይሆን ነበር፤ ጠበቃው ግን የሚያገኘው ጣሪያውን ብቻ ነው። ገንዘቡን ቆርጦ የሚከፍለው አብዛኛውን ጊዜ መሥሪያ ቤቱ ራሱ ነው። ከሚመጣው የየወሩ ክፍያ ላይ ጠበቃው ምንም የለውም። ከተሸነፈ ይህን የጥብቅና ዋጋ አይጠይቅም፤ የሕክምና ሰነድ ማስወጫ ግን ለብቻው ሊያስከፍል ስለሚችል ውሉ ላይ ሳይፈርሙ መጠየቅ ይገባል። የሶሻል ሴኩሪቲ ፈቃድ ሳይኖር የጥብቅና ዋጋ መቀበል ክልክል ነው። «አምስት መቶ ዶላር ስጠኝ፣ ቅጹን ሞልቼ አስፈቅድልሃለሁ» የሚል ሰው፣ አማርኛ ተናጋሪም ቢሆን፣ የሠፈር ሰውም ቢሆን፣ ከእርሱ መራቅ ነው።

ወኪሉ የግድ የሕግ ዲግሪ ያለው መሆን የለበትም። ፈተና አልፈው፣ የሙያ ኢንሹራንስ ይዘው በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ጠበቃ ያልሆኑ ወኪሎች አሉ፤ አንዳንዶቹ በጣም ጎበዞች ናቸው። ፌዴራል ፍርድ ቤት ሲደረስ ግን ጠበቃ ያስፈልጋል።

ውክልና ምን ያህል ይጠቅማል? የኮንግረስ ተቆጣጣሪ የሆነው ጂ ኤ ኦ በ2017 ባወጣው ጥናት፣ ከ2007 እስከ 2015 በነበሩት ችሎቶች ወኪል የነበራቸው አመልካቾች ከሌላቸው በሦስት እጥፍ ገደማ በሚበልጥ መጠን ተፈቅዶላቸዋል። ጠበቆች የሚያሸንፍ የሚመስላቸውን ጉዳይ መርጠው ስለሚይዙ ልዩነቱ ሁሉ የእነርሱ ችሎታ ነው ማለት አይቻልም። ያም ሆኖ ችሎቱ እንዴት እንደሚካሄድ ያየ ሰው ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ ለመረዳት አይቸገርም።

ችሎቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሰዓት ያነሰ ነው፤ በአካል፣ በቪዲዮ ወይም በስልክ ይሆናል። በተቃራኒ ቆሞ የሚከራከር የመንግሥት ጠበቃ የለም። ዳኛው ይጠይቃል፤ አመልካቹ በመሐላ ይመልሳል። ከዚያ የሥራ ገበያ ባለሙያ የሚባል ምስክር ይናገራል። ዳኛው «አንድ ሰው እናስብ» ይላል፤ «ዕድሜው 52 ነው፣ ታክሲ ነድቷል፣ እስከ 20 ፓውንድ ያነሣል፣ በቀን ስድስት ሰዓት ይቆማል። የሚሠራው ሥራ በአገሪቱ አለ?» ባለሙያውም የሥራ ስሞችና ቁጥሮች ይደረድራል። ስሞቹ የሚመጡት ለመጨረሻ ጊዜ በ1991 ከታደሰ የመንግሥት የሥራ መዝገብ ነው። ለዓመታት ሕመምተኞች «ለውዝ መልቀም ትችላለህ» እየተባሉ ሲመለሱ ኖረው፣ መሥሪያ ቤቱ በ2024 እንዲህ ያሉ 114 የሥራ ዓይነቶችን ከአገልግሎት አውጥቷል። ብቻውን የመጣ አመልካች ይህ ሁሉ ሲወራ ዝም ብሎ ይሰማል። ጠበቃው ግን ተነሥቶ ይጠይቃል፦ «ያው ሰው በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ጋደም ማለት ቢኖርበትስ? በወር ሦስት ቀን ከሥራ ቢቀርስ?» ባለሙያዎቹ ለእንዲህ ያለው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ ሥራ የለም ብለው ይመልሳሉ። ዳኛው ያን መልስ ሊጠቀምበት የሚችለው ግን ሦስቱ ቀን ቀድሞ በሐኪም ማስረጃ ከተደገፈ ነው። ማስረጃው ደግሞ ከችሎቱ ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን በፊት መግባት ወይም እንደሚገባ መገለጽ አለበት።

ዕድሜ ራሱ ሕግ ነው። ከላይ ያነሣነው ሾፌር 20 ፓውንድ ማንሣትና ቀኑን መቆም ካልቻለ፣ የሚችለው የመቀመጫ ሥራ ብቻ ከሆነ፣ ዕድሜው ከ50 ካለፈ፣ ትምህርቱ ከሁለተኛ ደረጃ ካልዘለለና ወደ ሌላ ሥራ የሚወስደው ሙያ ከሌለው፣ የመሥሪያ ቤቱ ሠንጠረዥ አካለ ስንኩል ይለዋል። ያው ሰው 49 ዓመቱ ቢሆን ሌላ ሥራ ይፈልግ ይባላል። ስለዚህ አንዳንድ ጠበቃ ሕመሙ ጀመረ የተባለበትን ቀን ወደ ሃምሳኛው ልደት ያመጣዋል፤ የጥቂት ወር ውዝፍ ይቀራል፣ ጉዳዩ ግን ይፈቀዳል። በ2024 የወጣ ሌላ ደንብም የቀድሞ ሥራ ሲታይ ወደ ኋላ የሚቆጠረውን ከ15 ዓመት ወደ 5 ዓመት አሳጥሮታል፤ ዛሬ መቆም የማይችል ሰው ከአሥር ዓመት በፊት በሠራው የመቀመጫ ሥራ ምክንያት መመለሱ ቀርቷል።

በተቃራኒው ደግሞ የተወሰደብን ነገር አለ። እስከ 2020 ሚያዝያ ድረስ ይህ ሠንጠረዥ እንግሊዝኛ አለመቻልን ለብቻው ይቆጥር ነበር። የ46 ዓመት ሴት፣ ሆቴል አልጋ ስታነጥፍ የኖረች፣ እንግሊዝኛ የማትችል፣ ከመቀመጫ ሥራ በቀር የማትችል ብትሆን ይህ ይረዳት ነበር። ደንቡ ተሰርዟል። ጡንቻውን ሸጦ የኖረ ሰው ጡንቻው ሲከዳው፣ ቋንቋ የሚጠይቀው የወንበር ሥራ እንዴት እንደሚከፈትለት ደንቡን የሰረዙት አላስረዱም ባይ ነኝ። አሁን የሚቀረው የትምህርት ደረጃውን በትክክል ማስመዝገብ ነው። አገር ቤት አራተኛ ክፍል ያቆመ ሰው በቅጹ ላይ አፍሮ «ሁለተኛ ደረጃ» ብሎ ከጻፈ በራሱ ላይ ይመሰክራል።

አስተርጓሚ በነጻ ማግኘት መብት ነው፤ መሥሪያ ቤቱ ለአማርኛም ያቀርባል። ልጅን ለማስተርጎም ይዞ መሄድ የሚመቸው ለማይከብድ ጉዳይ ነው። እናት በልጇ ፊት ሽንቷን መቆጣጠር እንዳቃታት፣ አባት በልጁ ፊት ራሱን ለማጥፋት አስቦ እንደነበር አይናገሩም። ሳይነገር የቀረው ነገር ደግሞ ጉዳዩን የሚያስፈቅደው ሊሆን ይችላል።

ጠበቃ ሁሉ ጥሩ ነው አልልም። ምሥራቅ ኬንታኪ ውስጥ ኤሪክ ኮን የሚባል ጠበቃ ሐኪሞችን በገንዘብ ይዞ ሐሰተኛ ማስረጃ እያስሞላ፣ ለአንድ ዳኛ ጉቦ እየሰጠ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን አስፈቅዶ ነበር። በ2017 ጥፋቱን አምኖ፣ ቅጣቱ ሳይነገር አምልጦ፣ በዚያው ዓመት መጨረሻ ሆንዱራስ ውስጥ ተያዘ። ዋጋውን የከፈሉት ግን ደንበኞቹ ናቸው። 1,500 ያህል በእውነት የታመሙና ያልታመሙ ሰዎች ፋይላቸው እንደገና ሲከፈት፣ ከኮን ጋር የሠሩት ሐኪሞች የጻፉት ማስረጃ ተሰርዞ ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ኔድ ፒለርስዶርፍ የተባለ የአካባቢው ጠበቃና የነጻ ሕግ አገልግሎት ባልደረቦች ሌሎች ጠበቆችን አስተባብረው በነጻ ቆሙላቸው፤ በ2018 የስድስተኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት ሰዎቹ ማስረጃቸውን የመከላከል ዕድል መነፈጋቸው ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል ብሎ ወሰነ። ፋይልዎ ውስጥ የማያውቁት ሐኪም ፊርማ ካዩ፣ ያልነገሩት ሕመም ተጽፎ ካገኙ፣ ወኪሉ ለእርስዎ እየሠራ ነው ብለው አይታለሉ።

በስደተኛነት ለገቡ ሰዎች አንድ ሌላ ሰዓት ይቆጥራል። በ1996 የወጣውና በ1997 የተሻሻለው ሕግ ዜጋ ላልሆነ ስደተኛና ጥገኝነት ላገኘ ሰው ኤስ ኤስ አይን በሰባት ዓመት ገድቦታል። ዜግነት ያገኘ ሰው ይህ ገደብ አይነካውም። በሕመም ምክንያት እንግሊዝኛና የዜግነት ጥያቄዎችን መማር ያልቻለ ሰው፣ ሐኪሙ ኤን 648 የሚባለውን ቅጽ ከሞላለትና ተቀባይነት ካገኘ፣ ያለ ፈተናው ዜጋ መሆን ይችላል። ለኤስ ኤስ አይ የተሰበሰበው የሕክምና ማስረጃ ለዚህም ስለሚያገለግል፣ ሁለቱን አብሮ የሚይዝ ቢሮ ማግኘት ትልቅ ጥቅም አለው።

እንዲህ ያሉ ቢሮዎች ደግሞ በነጻ አሉ። በ1974 የተቋቋመው ሊጋል ሰርቪስስ ኮርፖሬሽን በየስቴቱ የድሆች የሕግ ድርጅቶችን በገንዘብ ይደግፋል፤ ግሪን ካርድ ያላቸውንም፣ በስደተኛነት የገቡትንም ያስተናግዳሉ። የሕግ ትምህርት ቤቶች ክሊኒኮችም አሉ፤ ተማሪዎቹ በመምህር ሥር ሆነው አንድን ፋይል ብዙ ሰዓት ይሠሩበታል። የግል ጠበቃ ለኤስ ኤስ አይ ትንሽ ውዝፍ ብሎ የማይይዘውን ጉዳይ እነዚህ ይይዙታል።

ሲደውሉ የእምቢታውን ደብዳቤ ከነቀኑ፣ የሐኪሞችንና የመድኃኒቶችን ዝርዝር፣ ያለፉትን አምስት ዓመታት ሥራዎች ከፊትዎ ያስቀምጡ፤ አማርኛ አስተርጓሚ በመጀመሪያው ዓረፍተ ነገርዎ ይጠይቁ። ቀጠሮው ከሦስት ሳምንት በኋላ ከተባለና 60 ቀኑ ከዚያ በፊት የሚያልቅ ከሆነ ቀጠሮውን አይጠብቁ። ይግባኙን በሶሻል ሴኩሪቲ ድረ ገጽ ወይም በአቅራቢያ ባለው ቢሮ ራስዎ ያስገቡ፤ «በውሳኔው አልስማማም» የሚል አጭር ምክንያት ለመጀመሪያው ይበቃል። የገባበት ቀን የተመታበትን ቅጂ ይያዙ። ጠበቃው ከዚያ በኋላ ቢገባም ማስረጃ ለማስገባት ጊዜ አለው።